ለምን ለሴት ብቻ?

በ2014 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ የኬንያ ካቶሊክ ጳጳሳት ከባድ ክስ አሰሙ። መንግሥታቸው ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ ለሴቶች በሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ውስጥ የሚያመክን ነገር ተቀላቅሏል አሉ። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር አስተባበለ፤ ሁለቱ ድርጅቶችም ክትባቱ እንከን የለበትም ብለው መግለጫ አወጡ። ወሬው ግን በዚያ አልቆመም፤ ድንበር ተሻግሮ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የዕውቀትና የድንቁርና ግጭት አድርጎ ያወራዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ክሱን ለጊዜው ወደ ጎን ብለን ከጀርባው ያሉትን ጥያቄዎች ብቻ እንያቸው፦ ክትባቱ ለምን ለሴት ብቻ ሆነ? ለምን ከ14 እስከ 49 ዓመት ላሉት? ለምን አምስት ጊዜ ይደጋገማል? እነዚህ የሞኝ ጥያቄዎች አይደሉም። ቤት የምታስተዳድር፣ ገበያ ወጥታ ዕቃ አገላብጣ የምትገዛ ሴት ክንዷን ከመስጠቷ በፊት ልትጠይቃቸው የሚገባት ናቸው። መልስም አላቸው። የሚያሳዝነው መልሱ ለብዙ ሰው ጆሮ የደረሰው ክሱ ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው።

መልሱን እዚሁ መስጠት ይገባል፤ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠውም የዘጊ አነዳ መከላከያ የተጨመረበት ይኸው ክትባት ነውና። የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ የሚኖረው በአፈርና በእንስሳት እበት ውስጥ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በቁስል በኩል ይገባል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ አንድ ቁስል ይዞ ነው የሚመጣው፤ እትብቱ የተቆረጠበት ቦታ። እትብቱ ባልተቀቀለ ምላጭ ከተቆረጠ፣ ወይም ንጽሕናው ያልተጠበቀ ቅቤ ከተቀባ ተሕዋሱ በዚያ ይገባል። ሕፃኑ በቀናት ውስጥ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ሰውነቱ ይገተራል፤ ሕክምና ካላገኙት አብዛኞቹ ይሞታሉ። ሕፃኑን በተወለደ ቀን ከትቦ ማትረፍ አይቻልም፤ ሰውነቱ መከላከያ እስኪያመርት ሳምንታት ያልፋሉ። ያለው መንገድ እናቲቱን አስቀድሞ መከተብ ነው። በደሟ ውስጥ ያለው መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራል። ሴቶች፣ በተለይም በመውለጃ ዕድሜ ያሉት፣ ቅድሚያ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። አምስት ጊዜ መሆኑም ምሥጢር የለውም። የመጀመሪያው መርፌ ሰውነትን ከበሽታው ጋር ከማስተዋወቅ ያለፈ ብዙ አይሠራም። ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ የሚሰጠው ሁለተኛው 3 ዓመት ገደማ ይጠብቃል፤ ከ6 ወር በኋላ የሚሰጠው ሦስተኛው 5 ዓመት፤ ከዓመት በኋላ አራተኛው 10 ዓመት፤ ከሌላ ዓመት በኋላ አምስተኛው የመውለጃ ዘመኗን በሙሉ። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን እንዳስወገደች በ2017 እ.ኤ.አ. ተመስክሮላታል፤ መለኪያው በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት የሚታመሙት ከ1 በታች መሆናቸው ነው። ተሕዋሱ ግን ከአፈሩ አልጠፋም፣ አይጠፋምም። ዶማና ማጭድ የሚያቆስለው ገበሬም ለዚሁ በሽታ የተጋለጠ ነው፤ ብዙ አገሮች ወንድ ሴት ሳይሉ ለአዋቂ ሁሉ በየ10 ዓመቱ ማጠናከሪያ ይሰጣሉ። እኛ ጋ ወንዱ ቢጨመር በሽታውን ከመከላከሉ ሌላ «ለሴት ብቻ» የሚለውን ጥርጣሬም ባቃለለ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የማምከኑ ወሬም ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። በሕንድ ተመራማሪዎች እርግዝናን ለተወሰነ ጊዜ የሚከላከል ክትባት ለመሥራት ሞክረው ውጤቱን በ1994 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሰውነት የእርግዝናን ሆርሞን እንደ ባዕድ እንዲቆጥረው ሲሉ ሆርሞኑን ከመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ንጥረ ነገር ጋር አጣምረውት ነበር። ያ ምርት ራሱን ችሎ የተሠራ፣ ለሙከራ የተዘጋጀ ነው፤ በጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካለው ብልቃጥ ጋር አንድ አይደለም። የሙከራው ተሳታፊዎችም የመከላከል አቅሙ ሲቀንስ መልሰው ማርገዝ ችለዋል። በኬንያ ሆርሞኑ ተገኘ የተባለው ለሰው ደምና ሽንት በተሠራ መመርመሪያ የክትባት ፈሳሽ ተፈትሾ ነው፤ መመርመሪያው ለዚያ አልተሠራምና የሚያወጣው ቁጥር አያስተማምንም። ይህን ሁሉ «ውሸት ነው» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ይቀላል። ነገር ግን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ የሕንዱን ጥናት ያገኘ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያምነው ወሬውን ያመጣለትን ጎረቤት እንጂ ውሸት ነው ያለችውን ነርስ አይደለም።

የጤና ምሁራን የጤና ግንዛቤ የሚሉትን ነገር ማየት ያለብን ከዚህ ተነሥተን ነው። የሕዝብ ጤና ተመራማሪው ዶን ነትቢም በ2000 እ.ኤ.አ. በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። የመጀመሪያው መሠረታዊ መረጃ አንብቦ ወይም ሰምቶ መረዳት ነው፤ ሁለተኛው ከባለሙያ ጋር ተነጋግሮ የተረዱትን ለራስ ሁኔታ ማዋል፤ ሦስተኛው መረጃን መመዘን፣ ማን ተናገረው፣ ለምን፣ በምን ማስረጃ ብሎ መጠየቅ ነው። ፖስተሮቻችንና የሬዲዮ ማስታወቂያዎቻችን በአብዛኛው የመጀመሪያውን ደረጃ አይሻገሩም። በክትባት ላይ የሚያመነታ አዋቂ ግን ብዙውን ጊዜ ጥያቄው ያለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። ፊደል መቁጠርም ብቻውን አያድነውም። በ2011 እ.ኤ.አ. በስምንት የአውሮፓ አገሮች በተደረገ ጥናት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሰው የጤና ግንዛቤው ውሱን ሆኖ ተገኝቷል፤ ትምህርት ቤት በሞላበት አህጉር። በ2018 እ.ኤ.አ. ከመቶ በላይ አገሮችን ያካለለ ጥናት ደግሞ ክትባት ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው በሚለው ሐሳብ የማይስማማ ሰው በብዛት የተገኘው ፈረንሳይ ውስጥ መሆኑን አሳየ፤ ከሦስት ሰው አንዱ። በባንግላዴሽና በሩዋንዳ ሁሉም ማለት ይቻላል የክትባትን ጥቅም ይቀበላሉ። የእናት መማር ለልጅ መከተብ እንደሚረዳ የታወቀ ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ማመንታትን በመሃይምነት ብቻ የሚተረጉም ሰው ፈረንሳይን የት ያደርጋታል?

እዚህ ላይ የተለመደው ምክር «እንግዲያው ትክክለኛውን መረጃ በብዛት እናሰራጭ» የሚል ነው። ብሬንዳን ናያንና ጄሰን ራይፍለር የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሜሪካ ውስጥ ፈትሸውታል። ከአዋቂዎቹ 43 በመቶ የሚሆኑት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ራሱ ጉንፋኑን ያሲዛል ብለው ያምኑ ነበር። ስሕተት መሆኑን የሚያስረዳ ትክክለኛ ጽሑፍ ሲሰጣቸው ያ እምነት ቀነሰ። ነገር ግን ቀድሞውንም የጎንዮሽ ጉዳት በጣም በሚያሳስባቸው ሰዎች ዘንድ የመከተብ ፍላጎታቸው አብሮ ወረደ። አእምሯቸው ነገሩን ተቀበለ፣ ክንዳቸው ግን ይበልጥ ሸሸ። አንድ ስጋት ሲወድቅባቸው ሌሎቹን ስጋቶች ያስታወሱ ይመስላል። ሲፈሩት የነበረው ነገር ሌላ ኖሮ፣ ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቃቸውም።

መጋቢት 2013 ዓ.ም. ለኛ ይህን በግልጽ ያሳየ ወር ነው። 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኔካ የኮሮና ክትባት የካቲት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ፤ መጋቢት 4 ቀን መሰጠት ጀመረ። ዴንማርክ ይህንኑ ክትባት ያቆመችው ከዚያ ሁለት ቀን ቀድማ ነው። ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን የደም መርጋት ጥርጣሬ ስላደረባቸው ያገዱት ሁለት ቀን ዘግይተው ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መጋቢት 9 ቀን ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ አስታወቀ። በኋላ እንደተረጋገጠው የመርጋቱ ችግር እውነተኛ ነው፤ ግን የሚታየው ከ100 ሺህ ተከታቢ በ1 ወይም በ2 ሰው ላይ ገደማ ነው። አሁን በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ስኳር ያለባቸው አንድ አባት እናስብ። ፍራንክፈርት ያለችው ልጃቸው ደውላ «አባዬ፣ እዚህ እኮ አቁመውታል፤ እንዳትከተብ» አለቻቸው። ልጃቸው የነገረቻቸው ሐሰት አልነበረም። እኚህ ሰው የሚያስፈልጋቸው «ለአሉባልታ ጆሮ አይስጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ አይደለም። ከጎናቸው ቁጭ ብሎ፣ አባቴ፣ ነገሩ እውነት ነው፣ ከመቶ ሺህ ሰው አንድ ወይም ሁለት ያጋጥመዋል፣ በእርስዎ ዕድሜና በእርስዎ ስኳር ኮሮናው ቢይዝዎት ግን የመሞት ዕድልዎ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ከተከተቡ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከባድ ራስ ምታት ወይም የእግር እብጠት ካዩ ቶሎ ይምጡ የሚላቸው ሰው ነው። ይህ ንግግር ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ጤና ጣቢያ ውስጥ ግን ጥያቄ መቼ ይጠየቃል? ነፍሰ ጡሯ ካርድ ክፍል ተሰልፋ፣ ክብደቷና የደም ግፊቷ ተለክቶ፣ ላቦራቶሪ ደርሳ ትመለሳለች። «ክንድሽን ስጪኝ እስቲ፤ ለልጅሽ ነው። ከወር በኋላ ተመለሺ» ትላታለች ነርሷ። «እሺ ሲስተር» ትላለች። በዚህ «እሺ» ውስጥ ይሉኝታ አለ፣ የተማረን ሰው ማክበር አለ፣ ከኋላ ያለው ሰልፍም አለ። ሁለተኛው ቀጠሮ ሲያልፍ መዝገቡ ላይ «ያቋረጠች» ተብላ ትጻፋለች። ለምን እንዳቋረጠች የሚጠይቅ ዓምድ ግን መዝገቡ ቢኖረውም ባይኖረውም መልሱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በብዙ አገር የተፈተነ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ባለሙያዋ «ገባሽ?» ብላ አትጠይቅም፣ ለዚያ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነውና። «ቤት ስትገቢ ባለቤትሽ ምንድን ነው የተወጋሽው ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?» ትላለች። የጎደለው ነገር ያኔ ይወጣል። ፍርሃቱም አብሮ ይወጣል፤ «እሱማ እንዳትወልጂ ነው የሚሉሽ ይላል»።

እንዲህ ዓይነት ውይይት ፊደል ሳይቆጥሩም ይቻላል። ጊዜው ያለፈበት ክትባት ለአፍሪካ ይላካል የሚለውን ወሬ እንውሰድ። ይህም ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ በግንቦት ወር 2021 እ.ኤ.አ. ማላዊ ጊዜያቸው ያለፈ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ የአስትራዜኔካ ክትባቶችን በአደባባይ አቃጥላለች። ያቃጠለችው ሰው እንዳይከተባቸው ነው፤ ይህ ራሱ የሚያስተማምን ነገር ነበር። ክትባቱ ተበላሽቶ ይሆን ለሚል ስጋትም ጤና ጣቢያው ውስጥ በዓይን የሚታይ መልስ አለ፤ የመንጋጋ ቆልፉ ክትባት ብልቃጥ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ አለች፣ በመሐሏ አራት ማዕዘን ያላት። አራት ማዕዘኗ ክትባቱ ሙቀት ባገኘው ቁጥር ቀስ በቀስ ትጠቁራለች። ከዙሪያዋ ካለው ክብ የነጣች እስከሆነች ድረስ ሙቀት አላበላሸውም፤ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለች ወይም ከባሰች ይጣላል። ይህን ለማየት ዓይን እንጂ ትምህርት አያስፈልግም። ነርሷ ብልቃጡን አውጥታ ለተከታቢዋ ብታሳያት የሚያስከፍላት ነገር የለም። ያቺ ሴት ግን ከዚያ በኋላ እየመረመረች የምትቀበል ሰው ትሆናለች፤ ለጎረቤቶቿም የምትነግረው በዓይኗ ያየችውን ነው።

ከዚህ ሁሉ ስር ያለው የመተማመን ጉዳይ ነው፤ እሱ ደግሞ ታሪክ አለው። በአሜሪካ አላባማ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ተመራማሪዎች ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች ፔኒሲሊን ከተገኘም በኋላ ሳያክሙ የበሽታውን አካሄድ ተከታትለዋል። በእስራኤል በ1996 እ.ኤ.አ. የቤተ እስራኤል ወገኖች የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል መኖሩ ታውቆ ቁጣ ቀሰቀሰ። እንዲህ ያለውን የሚያስታውስ ሰው ነጭ ካፖርት የለበሰን ሁሉ በቀላሉ ባያምን አይገርምም። ግን የተሰበረው ይጠገናል። በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ተመራማሪዎች ጥቁር ወንዶችን ከፀጉር ቤቶች ጭምር ጋብዘው ወደ ክሊኒክ አመጡ፤ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሰዎቹ የሐኪማቸውን ፎቶግራፍ ብቻ ባዩ ጊዜ ጥቁር ሐኪም የደረሳቸውም ሌላ ሐኪም የደረሳቸውም የመረጡት አገልግሎት ልዩነት አልነበረውም። ፊት ለፊት ከተነጋገሩ በኋላ ግን ጥቁር ሐኪም ያገኙት ምርመራውን ይበልጥ ተቀበሉ፤ ልዩነቱ የጎላውም እንደ ደም ምርመራ ሰውነትን በሚነካው ነገር ላይ ነበር። ለውጡን ያመጣው ንግግሩ ነው። ለንግግር ደግሞ የጋራ ቋንቋ ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ አማርኛም በሕጉ ከሚስተናገዱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። እንግሊዝኛው ለሱቅ የሚበቃቸው እናት ስለ ሳምባ ምች ክትባት ሲነገራቸው አስተርጓሚ መጠየቅ መብታቸው እንጂ ማስቸገር አይደለም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ከምርምሩ ከራሱ የመጣ ነው። በሰሜን ካሮላይና በ30 ክሊኒኮች ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የማሕፀን በር ካንሰር ተከላካይ ክትባትን በተመለከተ ሁለት መንገዶችን አወዳድሯል። አንዳንዶቹ ሐኪሞች «ዛሬ ልጅዎ የሚከተብበት ቀን ነው» ብለው በአጭሩ እንዲያስታውቁ ሠለጠኑ፤ ሌሎቹ ረጅም ውይይት እንዲከፍቱ። የተከታቢው ቁጥር የጨመረው በአጭሩ ባስታወቁት ዘንድ ነው፤ በውይይቱ በኩል ለውጥ አልታየም። ይህ ለኔ ክርክር ፈተና መሆኑን አልሸሽገውም። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የማያመነታ ነው፤ እሱን ሳይጠይቅ ውይይት ውስጥ ማስገባት ያልነበረ ጥርጣሬ ሊፈጥርበት ይችላል። ለእሱ አጭሩና ግልጹ ቃል ይበቃዋል። ውይይቱ የሚያስፈልገው «ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» ላለው፣ ወይም ዝም ብሎ ለቀረው ነው። ሁለቱ መንገዶች ለሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ጥበቡ መለየቱ ላይ ነው።

ጊዜ የለንም የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ የባለሙያዎቻችንን ድካም ለሚያውቅ ሰው ቀላል አይደለም። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጤና ኬላው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሁለት ሆነው 5 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያገለግላሉ። ቢሆንም ጠዋት ወንበር ላይ ተደርድረው ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ጊዜ አላቸው፤ የአንዷ ጥያቄ የአሥሩ ነውና ለአሥሩ አንድ ጊዜ መመለስ ይቻላል። ያቋረጠችን ሴት ቤቷ ድረስ ሄዶ መፈለግ ከዚህ ይበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ስለ እምነት ደግሞ፣ የኮሮና ክትባት የአውሬው ምልክት ነው ብለው የፈሩ ወገኖቻችን በርካታ ነበሩ። ይህን ጥያቄ ነርስ አትመልሰውም፣ መሞከርም የለባትም፤ የንስሐ አባት፣ ኢማም ወይም ፓስተር ነው የሚመልሰው። እነሱ ግን ክትባቱ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ሊነገራቸውና የራሳቸውን ጥያቄ ሊጠይቁ ይገባል። ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ ለፎቶግራፍ መጥራት ለዚህ አይበቃም።

እስካሁን አዋቂው ኢትዮጵያዊ ብዙ ክትባት የሚወስደው ወረቀት ሲጠየቅበት ነው። ለመንገደኛው የቢጫ ወባው ካርድ፣ ለሐጅ ተጓዡ የማጅራት ገትር ክትባት፣ ዲቪ ለደረሰው የቪዛ ምርመራው። ያኔ ማንም አይከራከርም፤ ማንም አያስረዳምም። ቢጫ ወባ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 30 ሺህ የሚገመት ሰው የፈጀ በሽታ መሆኑን ካርዱን በፓስፖርቱ ውስጥ ይዞ ከሚዞረው ሰው ስንቱ ሰምቷል? የተከተበ ሁሉ ተረድቶ የተከተበ አይደለም፤ ወረቀት የማይጠየቅበት ክትባት ሲመጣ ይህ ይታያል።

እንዲህ ያለ ክትባት ደግሞ በመንገድ ላይ ነው። ኤም72 የተባለ ለወጣቶችና ለአዋቂዎች የታሰበ የሳምባ ነቀርሳ ክትባት በ2024 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የመጨረሻው ደረጃ ሙከራ ላይ ገብቷል፤ እስከ 20 ሺህ ሰው እንዲሳተፍበት ታቅዶ ነው የተጀመረው። ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ወር ልዩነት ይሰጣል። በቀደመው ሙከራ ተሕዋሱ በሰውነታቸው ያለ አዋቂዎች በበሽታው የመታመም ዕድላቸውን በግማሽ ያህል ቀንሷል። የሳምባ ነቀርሳ ጫና ከከበደባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናትና ከተሳካ ወደ ጤና ኬላዎቻችን መምጣቱ አይቀርም። ሰው ምን እንደሚጠይቅ ከወዲሁ ይታወቃል። በልጅነቴ ክንዴ ላይ ጠባሳ የጣለው ክትባትስ? ያ ክትባት ሕፃናትን ከከባዱ የነቀርሳ ዓይነት ይጠብቃል፣ በአዋቂ ሳምባ ላይ ግን አቅሙ ደካማ ነው። ግማሹን ብቻ የሚከላከል ከሆነ ለምን እወጋለሁ? ቢታመም ስድስት ወር መድኃኒት የሚውጥ፣ ሥራ የሚፈታ፣ ቤት ውስጥ ያሉትን ልጆች የሚያሲዝ ሰው ዕድሉን በግማሽ መቀነሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ኤችአይቪ በደሜ ካለስ? የአሁኑ ሙከራ ኤችአይቪ በደማቸው ያሉ ሰዎችንም አካትቷል፤ ውጤቱ ሲወጣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከብልቃጡ ቀድሞ ሊደርሳት የሚገባው ወረቀት ይህን መልስ የያዘው ነው።